የቅሬታ መዝገቡ ያስተማረን፦ ለሐኪሞችና ለነርሶች የተግባቦት ሥልጠና እንዴት እንዳዘጋጀን

በምሠራበት ሪፈራል ሆስፒታል የጥራት ክፍሉን ስረከብ ከተሰጡኝ ኃላፊነቶች አንዱ ሕሙማንና አስታማሚዎች የሚያቀርቡትን ቅሬታ መቀነስ ነበር። ሥልጠና ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ወዲያው ቢነሣም፣ እኔና አብራኝ የምትሠራው አንጋፋ ነርስ ከሁሉ በፊት ያደረግነው የቅሬታ መዝገቡን፣ ከአስተያየት መስጫ ሣጥኑ የወጡትን ወረቀቶችና የሕግ ክፍሉ የያዛቸውን ፋይሎች ከሕክምና ካርዶቹ ጋር እያስተያየን ማንበብ ነው። ሥልጠናው የተሠራው ከዚያ ንባብ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ለሚያስብ ሁሉ ከዚያው እንዲጀምር እመክራለሁ።

ካነበብናቸው አንዱን እዚህ ላነሣ እፈልጋለሁ። አንድ ባል ባለቤቱ ለወሊድ ኦፕራሲዮን ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚወጡት ባለሙያዎች ሳያነጋግሩት አልፈዋል፤ በመካከል አንድ ሰው ደም እንዲያመጣ ወረቀት ሰጥቶት ተመልሷል፤ ባለቤቱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መዛወሯን የሰማው ከጥበቃ ሠራተኛው ነው። ካርዱን ስናየው የደም መፍሰሱ በጊዜ ታውቆ፣ ሌላው አማራጭ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ማህፀኗ ወጥቶ፣ ሕይወቷ በቡድኑ ትጋት ተርፏል። ባልየው በማመልከቻው ስለ ደም መፍሰሱ አንድም ቃል አልጻፈም። የጠየቀው ማህፀኗ ሲወጣ ለእርሱ ያልተነገረው ለምን እንደሆነ ነበር፤ ሰው እንዳልቆጠሩትም ጽፏል። ማመልከቻውን ሲያስገባ ጠበቃ አማክሮ ነበር።

ይህ የእኛ ሆስፒታል ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የእንግሊዝ ጥናት በሐኪሞች ላይ ወደ ሕግ የሄዱ 227 ሕሙማንና ዘመዶችን ጠይቆ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው የደረሰው ጉዳት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከጉዳቱ በኋላ ርኅራኄ የጎደለው አያያዝና በቂ ማብራሪያ አለማግኘትም ጭምር እንደሆነ አሳይቷል። ሰዎቹ ካሳ መፈለጋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሆነውን ማወቅና በሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ማድረግም ይፈልጉ ነበር።

ሥልጠናውን ስንጀምር ያጋጠመን ዋናው እንቅፋት ፍርሃት ነበር። ባለሙያዎቻችን ዝምታን የሚመርጡት ሕመምተኛውን ስለሚንቁ ሳይሆን፣ የተናገሩት ነገር በፖሊስ ጣቢያ ወይም በፍርድ ቤት ይመለስብናል ብለው ስለሚሰጉ ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለበት ሰው ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት ጠቅሶ ቅጣቱን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለሆስፒታሉ የሕግ ባለሙያ ሰጠን። እርሱም ይህ አንቀጽም ሆነ፣ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ የሚያዘው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 የሚመረምሩት ሥራው እንዴት እንደተሠራ መሆኑን፣ ለቤተሰብ የሆነውን በእውነት መናገር በራሱ ጥፋት አለመሆኑን አስረዳ። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮችን ለይተው እንዲናገሩ አለማመድናቸው፤ የታወቀውን እውነታ በግልጽ መንገር፣ ኀዘንን ከልብ መግለጽ፣ ገና ያልተጣራውን ምክንያት ደግሞ ሳይገምቱ «እየተጣራ ነው፤ ውጤቱን እንነግርዎታለን» ማለት። በሕግ ክፍሉ ፋይሎች ውስጥ ክሱ የተጀመረው ሌላ ቦታ የታከመች ሴት ቁስል ሲገለጥ «ማነው እንዲህ የሰፋሽ?» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ያየንበት ጉዳይ ስለነበር፣ የሥራ ባልደረባን በሕመምተኛ ፊት አለመተቸት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 በጀመረው የአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ዓላማው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ርኅራኄ እንዲኖረን በአዳራሽ መመከር ሌሊት በተረኝነት ላይ ምን ብለን አፋችንን እንደምንከፍት አያስተምረንም። ስለዚህ ከራውንድ (ሕሙማንን አልጋ ላልጋ እየዞሩ ከማየት) በኋላ በትንንሽ ቡድን ተቀምጠን፣ የባለጉዳዮቹ ስም የተሰረዘባቸውን ቅሬታዎች እንደ ተውኔት እየተጫወትን ተለማመድን። በባልየው ጉዳይ ነርሷ ባል ሆነች፤ አንድ ሬዚደንት (የስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያለ ሐኪም) ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጣ። እጁን ከበሩ እጀታ ሳያነሣ «ኮምፕሊኬሽን ነበር፣ አሁን ስቴብል ናት» አላት። «ስቴብል ማለት ትተርፋለች ማለት ነው ዶክተር?» ብላ ስትጠይቀው መልስ አጣ። በድጋሚ ሲሠራው በሩን ዘግቶ ወጣ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ «ወንድሜ፣ እስካሁን ምን ሰምተዋል?» ብሎ ጀመረ። ምንም እንዳልሰማች ስትነግረው፣ «የምነግርዎ ነገር ከባድ ነው። ልጁ ደህና ነው። እናቱ ግን ብዙ ደም ፈሷታል፤ ሕይወቷን ለማትረፍ ማህፀኗን ማውጣት ግድ ሆኖብናል» ብሎ ዝም አለ። ዝም ማለቱን መማር ከንግግሩ በላይ ከበዳቸው። በመጨረሻም ማን፣ በስንት ሰዓት ተመልሶ እንደሚያነጋግረው ነገረው፤ ማመልከቻዎቹ ሁሉ የሚጮኹት ስለዚህች የመጨረሻ ነገር ነው።

ከውጭ የተዘጋጁ የሥልጠና ሰነዶች ያልመለሱልን ጥያቄ የመርዶ ነበር። በእኛ ዘንድ የሞት ዜና ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ፣ ደጋፊ ባለበት ይነገራል፤ በሆስፒታል ግን ብቻዋን የምታስታምም ልጅ በእኩለ ሌሊት እናቷ እንዳረፈች ትሰማለች። በውይይት የደረስንበት፣ ሁኔታው እየከበደ መሆኑን አስቀድሞ መናገርና ሌላ የቤተሰብ ሰው እንዲጠራ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ሕይወቱ ያለፈን ሰው «እየታከመ ነው» ማለት በምንም ምክንያት አይፈቀድም የሚል ነው። የካንሰር ምርመራ ውጤት ሲመጣ ደግሞ ልጆች «ለአባታችን እንዳትነግሩብን» ብለው ይለምናሉ። ልጆቹን በቁጣ መመለስ አይገባም፤ የሚሰጉት ከፍቅር ነው። ነገር ግን የመረጃው ባለቤት ሕመምተኛው ስለሆነ፣ እርሱን ራሱን «አባቴ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ራስዎ መስማት ይሻሉ ወይስ ልጅዎ እንዲሰማልዎ ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅን ተለማመድን። በጣም የሚያስገርመኝ ብዙዎቹ አዛውንቶች ሁሉንም ቀድመው መጠርጠራቸው ነው።

«ጊዜ የለንም» የሚለውን ክርክር አላቃለልነውም፤ በተመላላሽ ክፍል ያለው ሰልፍ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ተከሰው የማያውቁ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሰጡ ሐኪሞች ለአንድ ሕመምተኛ በአማካይ 18.3 ደቂቃ፣ ተከሰው የሚያውቁት 15 ደቂቃ ይሰጡ እንደነበር ያሳያል። ያልተከሱት ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ለሕመምተኛው አስቀድመው ይናገሩ፣ አስተያየቱንም ይጠይቁ ነበር። ይኸው ልዩነት በቀዶ ሐኪሞች ላይ አልታየም፤ ይህንንም ሳንደብቅ ለቀዶ ሐኪሞቻችን ነገርናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሥልጠናውን ይበልጥ አመኑት።

ለውጡ በአንድ በኩል ግልጽ ነው፤ «ማንም አልነገረኝም» የሚሉ ቅሬታዎች ቀንሰዋል። የወረፋ፣ የመድኃኒት እጥረትና የክፍያ ቅሬታዎች ግን ባሉበት ናቸው፤ በንግግር ሊፈቱም አይችሉም። ክስ ቀነሰ ለማለት ደግሞ ክሶች ጥቂትና ዘገምተኛ ስለሆኑ አልደፍርም።

ኢንተርኖች (በልምምድ ላይ ያሉ ዕጩ ሐኪሞች) በየጊዜው ስለሚቀያየሩ የሠለጠነው ይሄዳል፣ ያልሠለጠነው ይመጣል። ለዚህ ያደረግነው በተረኛ መረካከቢያ ቅጹ ላይ «ለቤተሰብ ምን ተነገረ? ማን ነገረ? ቀጣዩ መቼ ይነገራል?» የሚል መሥመር መጨመር ነው። መሥመሩ ባዶ ከሆነ ጠዋት በሞርኒንግ (በሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ) ተረኛው ይጠየቃል። አሁን የምንሠራው የካርድ ክፍል ሠራተኞችና ጥበቃዎችም በሥልጠናው እንዲገቡ ነው።