ወንድሜን አጅቤ ሐኪም ዘንድ፦ ስለ መጠጥ አምሮት መድኃኒት

በስደት ስንኖር በመጠጥ ለተያዘ ሰው የምንሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቁርጥ አድርገህ ተወው»፣ «ልብ ግዛ»፣ «ለልጆችህ ስትል»። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንስና በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት መኖሩን የሚያውቅ መካሪ ግን እስካሁን እምብዛም አልገጠመኝም፤ ሰምቻለሁ የሚለውም ቢሆን ከዓይነቶቹ አንዱን፣ ያውም የጠጣን ሰው የሚያስመልሰውን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ይህን የምጽፈው ታላቅ ወንድሜ በሕክምናው ሲያልፍ አብሬው ስለነበርኩ ነው። ስሙንና የምንኖርበትን ከተማ እንዳልጠቅስ አሳስቦ የቀረውን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል።

ወንድሜ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ሌላው ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ እሱ ወደ ቤት ስለሚገባ፣ የሚጠጣው ጠዋት፣ መጋረጃውን ጋርዶ፣ «እንቅልፍ እንዲወስደኝ» እያለ ነበር። እንዲህ የሚጠጣን ሰው ማንም አያየውም። ሰክሮ መንገድ ላይ አልወደቀም፣ ከሥራም አልቀረም፤ ስለዚህ ሱሰኛ ነው ብሎ የጠረጠረው አልነበረም። ነገሩ የታወቀው በገዛ ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ሊያቆም ሞክሮ በማግሥቱ ላብ ሲያጠምቀው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ መያዝ ሲያቅተው ነው።

ሐኪሟ በኋላ እንደነገረችን፣ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቋርጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊይዘው ይችላል፤ ይህም የሚያጋጥመው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ አንዳንዱን ሰው ቅዠትና መደናገር ያለበት፣ ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚደርስ ሕመም ይገጥመዋል። ስለዚህ «ቁርጥ አድርገህ ተወው» የሚለው ምክር በቅንነት የተነገረ ቢሆንም፣ ያለ ሐኪም ክትትል ሲፈጸም ሊገድል ይችላል። ወንድሜ ይህን ደረጃ ያለፈው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ከቤንዞዳያዜፒን ወገን የሆነ ማረጋጊያና ታያሚን የተባለውን ቫይታሚን እየተሰጠው ነው። የአምሮቱ መድኃኒት የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አስተርጓሚ ዘለግ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሕክምናውን አቅጣጫ የለወጠው እሱ ነውና። በመጀመሪያው ቀጠሮ ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ ስትጠይቀው ወደ እኔ ዞር ብሎ «ምንም አይደል፣ አልፎ አልፎ ነው በላት» አለኝ። ታላቅ ነው፤ ያሳደገኝም እሱ ነው፤ በታናሹ አፍ ጓዳውን እንዲያወጣ እንዴት ይጠበቅበታል? ሐኪሟ ነገሩ ገብቷት መሰለኝ፣ በሆስፒታሉ ደንብ መሠረት በስልክ አስተርጓሚ እንደምትጠራ ነግራን እኔን በትሕትና አስወጣችኝ። ወንድሜ የፈራው አስተርጓሚው ከእኛው ማኅበረሰብ የሚያውቀው ሰው እንዳይሆን ነበር፤ ስሙ በመስመሩ ላይ እንዳይጠራ ጠየቀ፣ ፈቀዱለትም። በዚያ ቀን ለማያየው ሰው የተናገረው ለእኔ ፈጽሞ የማይናገረው ነበር፤ የጠዋቱን ጠርሙስ ብቻ ሳይሆን፣ ለወገቡ ሕመም ከሌላ ሐኪም የታዘዘለትን ኮዴይን ያለበት ማስታገሻም አብሮ ገለጠ።

ይህ ማስታገሻ ተራ ነገር አልነበረም። ለመጠጥ ሱስ በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ናልትሬክሶን ሲሆን፣ በአሜሪካ ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደው በ1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ያሉትን የኦፒዮይድ (የሞርፊንና የመሰሎቹ ማስታገሻዎች) ተቀባዮች ስለሚዘጋ፣ መጠጥ የሚሰጠው ደስታ ይደበዝዛል፤ ሰውየውም አንዱን ብርጭቆ በሌላው የመድገም ፍላጎቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ኮዴይን፣ ትራማዶልና ሞርፊን የሚሠሩት በእነዚሁ ተቀባዮች በኩል ነው። እነዚህን የሚወስድ ሰው ናልትሬክሶን ቢውጥ በድንገት ከባድ ሕመም ላይ ይወድቃል። ወንድሜ «አልፎ አልፎ» በሚለው ቃሉ ጸንቶ፣ ስለ ወገቡም ዝም ብሎ ቢወጣ ኖሮ ይህ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችል ነበር።

የታዘዘለት አካምፕሮሴት ነው። ይህ መድኃኒት ከመጠጥ ብዛት የተዛባውን የአንጎል መነቃቃት ሚዛን ለመመለስ እንደሚረዳ ይታሰባል፤ የሚጀመረውም ሰውየው መጠጡን ካቆመ በኋላ ነው። በጉበት ሳይሆን በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ፣ ጉበቱ ለተጎዳ ብዙ ጠጪ ይመቻል፤ በአንጻሩ ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው አይወስደውም። የተለመደው መጠን ባለ 333 ሚሊግራም ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ቀን ለሚተኛ ሰው ይህ ሦስት ጊዜ ራስ ምታት ሆኖብን ነበር። ነርሷ ሰዓቱን ከፀሐይ ጋር ሳይሆን ከእሱ ኑሮ ጋር አስተካከለችው፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ፣ በሌሊቱ የሥራ እረፍት፣ ቤት ገብቶ ሊተኛ ሲል። የእረፍቱን ሁለት ፍሬ በላስቲክ ጠቅልሎ በሥራ ልብሱ የደረት ኪስ ይይዛል፤ ባልደረቦቹ ለወገቡ የሚወስደው ይመስላቸዋል፣ እሱም አያርማቸውም። መጀመሪያ አካባቢ ተቅማጥ አስቸግሮት ነበር፣ ቆየት ብሎ ተወው።

የሚያስመልሰው መድኃኒት ዳይሰልፊራም ነው፤ ብዙዎች አንታቢዩዝ በሚለው ስሙ ያውቁታል። ከመጠጥ ጋር ያለው ጠብ የታወቀው በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ ዴንማርክ ውስጥ ነው። ሥራው አምሮትን መቀነስ አይደለም፤ አልኮል በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚፈጠረው አሴታልዲሃይድ የተባለ መርዝ እንዳይወገድ አግዶ፣ የጠጣውን ሰው ፊቱን ያቀላዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡን ያስመታዋል። ከዘመዶቻችን አንዱ ደውሎ «ሳያውቅ ቀላቅሉለት» ብሎን ነበር። ይህ ምክር በየቤቱ እንደሚዘዋወር ስለማውቅ በግልጽ ልናገር፤ ይህ ሰውን መመረዝ ነው። መድኃኒቱ ለታማሚው ሳይነገር፣ ሰክሮ ሳለም ሆነ ከመጨረሻው መጠጥ 12 ሰዓት ሳይሞላ ፈጽሞ መሰጠት የለበትም፤ መድኃኒቱን ካቆመ በኋላም ቢሆን ጠቡ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። ልቡ ደካማ የሆነ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል። እያወቀ፣ ፈልጎ፣ በክትትል ለሚወስደው ግን የሚጠቅመው ሰው አለ።

አካምፕሮሴት ወንድሜን ምን አደረገለት? እሱ ሲናገር «አምሮቱ ያው ይመጣል፤ ግን እምቢ የምልበት ጊዜ ይሰጠኛል» ይላል። በፈረንጆቹ 2014 የታተመ የብዙ ጥናቶች ጥቅል ግምገማ፣ አንድን ሰው ወደ መጠጥ ከመመለስ ለማዳን መድኃኒቱን ለ12 ያህል ሰዎች መስጠት እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ተአምር የሚጠብቅ ሰው በዚህ ቁጥር ያዝናል፤ እኔ ግን በምክርና በተግሣጽ ብቻ ስንቱ እንደዳነ ሳስብ ቁጥሩ አያንስብኝም። ከፍሬው ጎን ለጎን ከአማካሪ ጋር በየጊዜው ይነጋገራል፤ ያለዚያ ሐኪሟም አልጀመረችለትም ነበር።

ከአገር ቤት የሐዘን ዜና በመጣ ሰሞን ጠጥቷል። «ከጠጣሁ ወዲያ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ፍሬውን ሊጥለው ሲል ነርሷ ጋ ደወልን፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥና ወዲያው መጥቶ እንዲታይ ነገረችው። አካምፕሮሴት ከመጠጥ ጋር አይጣላም፤ ወደ መጠጥ የተመለሰ ሰውም እንዲቀጥልበት ይመከራል። ቁጣም ስብከትም አልነበረም፤ ለምርመራ ደም ሰጠ፣ ሌላ ቀጠሮ ተያዘ።

አሁን የወገቡ ሐኪም ኮዴይኑን በሌላ ዓይነት ማስታገሻ እየተካለት ነው። ከኦፒዮይድ ከ7 እስከ 10 ቀን ንጹሕ ሆኖ ከቆየና የጉበቱ ምርመራ ከፈቀደ፣ በወር አንዴ በመርፌ የሚሰጠውን 380 ሚሊግራም ናልትሬክሶን መምረጥ ይችላል። የእረፍት ሰዓቱን ፍሬ ስለሚያስቀርለት ሐሳቡን ወዶታል። የሚያሰጋው በሥራ ላይ አደጋ ቢደርስበት የተለመዱት ጠንካራ ማስታገሻዎች በደንብ አለመሥራታቸው ነው፤ ለዚህም ናልትሬክሶን እንደሚወስድ የሚገልጽ ካርድ ዘወትር መያዝ ይኖርበታል። ገና አልወሰነም።