ቴስተሩ የመሰከረብኝ ቀን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ከፊት እንሸጣለን፣ ከመጋረጃው ጀርባ እንጠግናለን። ጥገናው የጋሼ ነው፣ ሽያጩ የኔ። ይሄ ነገር ሲፈጠር ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ግን ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የጦሳን ተራራ ጉም በዋጠው ጠዋት ቲቸር መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ግማሹ ሰፈር ተማሪያቸው ነበር። የድሮ ካሴቶቻቸውን ልጃቸው ወደ ላፕቶፕ ገልብጦላቸዋል። ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ ሁሉም አለ። ላፕቶፑን ከአሮጌው አምፕሊፋየራቸው ጋር ሲያገናኙት ግን ከሥር «እምምም» የሚል ነገር ይመጣል። «መሲንቆው ውስጥ ንብ የገባ ነው የሚመስለው» አሉኝ።

«አብሽሩ ቲቸር፣ የላፕቶፑ ድምፅ ማውጫ ደካማ ስለሆነ ነው። ዳክ ያስፈልግዎታል» አልኳቸው።

ዳክ በቁጥር የተቀመጠውን ሙዚቃ አምፕሊፋየር ወደሚገባው ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ ነው። ስልክም ላፕቶፕም በሆዱ አንድ አለው፤ ለብቻውም ይሸጣል። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነበረን። አንዷ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ፣ ጣት የምታክል አጭር ገመድ ናት። ሌላው ሰማያዊ መብራት ያለው የአልሙኒየም ሳጥን ነው። ካርቶኑ ላይ «32 ቢት፣ 384 ኪሎኸርዝ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ዋጋው የትንሿ ስድስት እጥፍ።

መጀመሪያ ትንሿን አሰማኋቸው። ቀጥዬ ሳጥኑን። ሳጥኑ ሲገባ ሱቁ ሞላ። ከበሮው ደረት ላይ ያርፋል፣ የዘፋኟ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ቲቸር ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ላጭበርብር ብዬ አይደለም፤ እኔም አምኜበት ነው የሸጥኩላቸው። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው።

በማግስቱ ሳጥኑን በፌስታል አንጠልጥለው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ንቡ አልወጣም።»

ጋሼ ሰምቶ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው። «ቲቸር፣ ሲሰሙ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ነው?»

«ባትሪው አርጅቷል። ሁሌም ተሰክቶ ነው።»

«ዛሬ ለአምስት ደቂቃ ይንቀሉትና ይሞክሩት እስቲ።»

ከሰዓት ደወሉ። ንቡ የለም። ለካ ላፕቶፑም አምፕሊፋየሩም ሶኬት ላይ ሲሆኑ በኧርዙ ሽቦና በድምፅ ገመዱ በኩል ቀለበት ይሠራሉ። የመብራቱ 50 ኸርዝ በዚያ ይዞርና በስፒከሩ ይወጣል። የኔ ሳጥንም በዩኤስቢ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ቀለበቱን አልበጠሰውም፣ አስጌጠው እንጂ።

ማታ ልንዘጋ ስንል ጋሼ «ሳጥኑን ምን አይተህ ነው የመረጥክላቸው?» አለኝ።

«ድምፁ ይበልጣላ ጋሼ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

«ይበልጣል ወይስ ይጮኻል?»

ያቺን ቢጫ ቴስተር አወጣ። አንዱ ጫፏ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ላፕቶፑ ላይ 100 ኸርዝ የሆነ አንድ ወጥ ድምፅ ከፈተ። ቀዩን ጫፍ የአርሲኤው፣ ማለትም ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው የድምፅ ገመድ ክብ ጫፍ፣ መሐል ላይ፣ ጥቁሩን ዙሪያው ላይ አሳረፈ። ትንሿ 0.98 ቮልት አሳየች። ሳጥኑ 2.01። እጥፍ ነው፤ በድምፅ መጠን መለኪያው በዴሲቤል ሲቆጠር ወደ 6 ግድም። ጆሮ ደግሞ ጮክ ያለውን ሁሉ የጠራ ያደርገዋል። ቤዙም የወፈረ ይመስለዋል።

ጋሼ ሳጥኑን ቀነስ፣ ቀነስ አድርጎ 0.98 ላይ አቆመው። «ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር» አለኝ። አሥር ጊዜ እየቀያየረ አሰማኝ። እኔ ያለፈው ዓመት ካሌንደር ላይ አፍጥጬ «ሳጥኑ»፣ «ትንሿ» እያልኩ እመልሳለሁ። ከአሥሩ ስድስቱን አገኘሁ።

«ሳንቲም ብንወረውርም ያው ነበር» አለና ቴስተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ስለ ካርቶኑ ቁጥር ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኪሎኸርዙ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካ፣ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ልክ ምን ያህል እንደረቀቀ ይናገራል። ሲዲ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ነው። ይሄ የሰው ጆሮ እስከሚደርስበት፣ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ በቂ ነው፤ በቲቸር ዕድሜ ደግሞ ጆሮ እዚያ አይደርስም። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከልም 96 ዴሲቤል ያህል ቦታ ይሰጣል። ካሴት የዚያን ሁለት ሦስተኛ እንኳ በመከራ ነው። የቲቸር አምባሰል ላይ ያለው የካሴት «ሽሽሽ» በ384 ቢጫወትም «ሽሽሽ» ነው።

ሳጥኑ እርባና ቢስ ነው ማለቴ አይደለም። ኦፕቲካል መግቢያ ስላለው ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው። በብርሃን ስለሚሄድ ያን ቀለበትም ይቆርጠዋል። የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማውጫ ፒሲኤም (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) ላይ ማድረግ ብቻ አይረሳ። የገመዱን ጫፍ የሸፈነችውን ፕላስቲክ ማውለቅም እንደዚሁ። ይቺን ሁለተኛዋን በማን ላይ ደርሶ እንዳየሁት አልናገርም።

የዋጋውን ልዩነት ለቲቸር መለስንላቸውና ትንሿን ወሰዱ። ላፕቶፑ ያለ ቻርጀር ግማሽ ሰዓት ስለማይቆይ ዘፈኖቹን ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ስልክ በባትሪ ነው፤ ቀለበት የለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ማታ በባለቤታቸው ስልክ ደወሉ።

«ስማው እስቲ ጥራቱን!» ብለው ስልኩን ስፒከሩ ላይ ደገኑት። በስልክ መስመር የመጣ መሲንቆ እንዴት እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ ቆርቆሮ ይፋቃል።

«ግሩም ነው ቲቸር» አልኳቸው።

«ዝም ብለህ ስማ» አሉና ዘፈኑ እስኪያልቅ ስልኩን አልዘጉትም።