ነጥብ ሊለቀም የተዘጋጀ ግጥሚያ

የቼዝ ሬቲንግን (የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበትን ነጥብ) ከፍ ለማድረግ ግጥሚያ ማዘጋጀት ሲነሳ ብዙ ሰው «ሕጉ ይፈቅዳል ወይ?» ብሎ ይጀምራል። ሕጉ አብዛኛውን ይፈቅዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሰሌዳው ማዶ የተቀመጠው ሰው ነጥብ ሊወስድ ነው የመጣው ወይስ ሊሰጥ የሚለው ነው።

ከደካማ ተጋጣሚ ጋር መጫወት በራሱ ነውር አይመስለኝም። በ400 ነጥብ ከሚያንስ ሰው ጋር ስትጫወት የሬቲንጉ ሰንጠረዥ በአንድ ጨዋታ 0.92 ይጠብቅብሃል፤ ማሸነፍ 1፣ አቻ 0.5 ነው። ኬህ (ውጤትህ ከተጠበቀው ሲለይ ልዩነቱ የሚባዛበት ቁጥር) 10 ከሆነ ስታሸንፍ 0.8 የሬቲንግ ነጥብ ታገኛለህ፤ አቻ ስትወጣ 4.2 ይቀነስብሃል። አምስት ጊዜ ያሸነፍከው በአንድ አቻ ሄደ ማለት ነው። ተጋጣሚው የምሩን እስከተጫወተ ድረስ ሒሳቡ ራሱ ይቀጣል።

የሚያስፈራው ስምምነት ሲኖር ነው። ሁለቱም 1800 ይሁኑ፤ አንዱ ኬው 40 የሆነ ታዳጊ፣ ሌላው ኬው 20 የሆነ አዋቂ። አዋቂው ሆን ብሎ ሲሸነፍ የሚያጣው 10 ነው፣ ታዳጊው የሚያገኘው 20። ሬቲንግ የሚታደሰው በወር አንዴ ስለሆነ በዚያው ወር ስድስት ጊዜ ቢያሸንፈው ስድስቱም በ1800 ይሰላሉ፤ 120 ነጥብ! የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ኬ በጨዋታ ብዛት ተባዝቶ ከ700 እንዳያልፍ ገድቧል፣ ግን ኬው 40 የሆነን ተጫዋች ገደቡ የሚነካው ከ18ኛው ጨዋታ ጀምሮ ነው።

ያለ ስምምነትም ቁጥር ያብጣል። ክሎድ ብላድጉድ የተባለ ተጫዋች አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታስሮ ከእስረኞች ጋር ሲጫወት ኖሮ በ1996 የአሜሪካ ሬቲንጉ 2702 ደረሰ። ከውጭ ተጫዋች የማይገባበት ክብ ውስጥ ነጥቡ የሚሄድበት የለውም። አጭበርብረሃል ቢባልም አስተባብሏል።

ከላይኛው ደረጃ ሁለት ጉዳዮች አብረው ይነሳሉ፤ እኔ ግን ለያይቼ ነው የማያቸው። በ2022 ቻይናዊው ዲንግ ሊረን ለካንዲዴትስ (የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው ለሚለይበት ውድድር) የሚያበቃ ሬቲንግ ነበረው፤ የጎደለው በዓመት የሚጠየቀው 30 ጨዋታ ነበር። የቻይና ፌዴሬሽን ውድድሮችን በጥድፊያ አዘጋጅቶ 28 ጨዋታ አጫወተው። ጥድፊያው አያምርም፣ ግን የተሟላው የጨዋታ ቁጥር ነው። በታኅሣሥ 2023 ፈረንሳይ፣ ሻርትር ውስጥ ለፈረንሳዩ ተጫዋች ለአሊሬዛ ፊሩዝጃ የተዘጋጁት ግጥሚያዎች ግን ለካንዲዴትስ ቦታ የሚፎካከረውን አሜሪካዊ ዌስሊ ሶን በሬቲንግ ለማለፍ ታልመው፣ በነጥብ እጅግ ከሚያንሱት ግራንድማስተሮች ጋር የተደረጉ ናቸው። ተጋጣሚዎቹ አጭበረበሩ አልልም። ሆኖም ውድድሩ ሲታሰብ ተጎጂው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የለም። ፊዴ ለካንዲዴትስ አልቆጠራቸውም። ፊሩዝጃ ወዲያው በፈረንሳይዋ ከተማ ሩዋን፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ውድድር፣ ሰባቱንም ጨዋታ አሸንፎ ለካንዲዴትስ አለፈ፤ በዚህኛው ቅር የሚለኝ የለም።

«ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ክርክር ውኃ አያነሳም። ግጥሚያ የሚያዘጋጅ ሰው የጨዋታውን ብዛት አስቀድሞ ይወስን፤ ነጥብ ሲሞላ የሚቆም፣ ሲጎድል የሚቀጥል ግጥሚያ ገና ከጅምሩ የተበላ ነው። የጨዋታዎቹን ሙሉ መዝገብ ያውጣ። ለተጋጣሚውም ለመቅረቡ ብቻ ሳይሆን ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ ግማሽ ነጥብ ይክፈል። አስቀድሞ ካልተፈቀደ በቀር የግጥሚያው አሸናፊ ከታወቀ በኋላ የሚደረጉ ቀሪ ጨዋታዎች በፊዴ ሕግ ለሬቲንግ አይቆጠሩም፤ ለዚህ ፈቃድ የሚጠይቅ አዘጋጅ ሲመጣ ምክንያቱን መጠየቅ የዳኛው ሥራ ነው።