ፋሲካ እሁድ፣ ቦስተን ሰኞ

የቦስተን ማራቶን የሚሮጠው ሰኞ ነው። ይህ ለብዙ ሯጭ ተራ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከአሜሪካ ታላላቅ ማራቶኖች መካከል ልመኘው የምችለው እርሱን ብቻ ያደረገው ይኸው ነው። ቺካጎም ኒው ዮርክም እሁድ ይሮጣሉ። እሁድ የቅዳሴ ቀን ነው፤ ከመዘምራኑ ጋር አገለግላለሁ፣ ልጆቼም አጠገቤ ቆመው ያስቀድሳሉ። ሰንበትን ለሩጫ አልሰጥም ብዬ የወሰንኩት ገና ስጀምር ነው። ባለቤቴ ደግሞ በዚህ ከእኔም ይልቅ ጽኑ ነው።

በበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ለማይገባ ሰው፣ ቦስተን ለመግባት አስቀድሞ በማራቶን የተቆረጠውን ሰዓት ማምጣት ግድ ይላል። ለ2025 እ.ኤ.አ. ውድድር ከ40 እስከ 44 ዓመት ላለን ሴቶች የተቀመጠው 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነበር። አመልካቹ ከመብዛቱ የተነሣ ግን የተቀበሉት ከዚያም ላይ በ6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ የፈጠነውን ብቻ ነው። እኔ ሰዓቱን ያገኘሁት ቨርጂኒያ ውስጥ ሪችመንድ ላይ ነው፤ የመረጥኩትም ቅዳሜ ስለሚሮጥ ነው። ዕለቱ ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት።

ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ቦስተን ሚያዝያ ላይ ስለሚውል ዋናው ልምምድ የሚወድቀው ዐቢይ ጾም ላይ ነው። በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አልቀምስም፤ አሠልጣኞች የሚሰጡት መርሐ ግብር ደግሞ ማለዳ ተነሥተህ ሩጥ የሚል ነው። መፍትሔውን ያገኘሁት ከራሱ ከጾሙ ሥርዓት ነው። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንከለከላለን እንጂ እህልና ውኃ ከጠዋት ጀምሮ አይከለከልም። ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ማለዳ አደረግሁት። የሥራ ቀኑን ሩጫ ወደ ማታ አዛወርኩት፤ ከምሠራበት ሆስፒታል ወጥቼ፣ ጾሜን ፈትቼ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር በሚያልፈው መንገድ እሮጣለሁ።

ማታ ግን የልጆች ሰዓት ነው። ራት፣ የቤት ሥራ፣ መታጠብ፣ መተኛት አለ። ይህን ሁሉ የተሸከመው ባለቤቴ ነው፤ እርሱም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ። አንድም ቀን «ዛሬስ ብትቀሪ» ሲል አልሰማሁትም። «አንቺ ውጪ፣ እኔ አለሁ» ነበር ቃሉ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። የሩጫ መደብሮች በየከረጢቱ የሚሸጡትን ጣፋጭ ነገር አይታ «ይህማ ምን ጉልበት ይሆናል» አለችና የራሷን ገብስ ቆልታ አስፈጭታ በሶ አዘጋጀች። ቅዳሜ ማለዳ በስኳርና በጥቂት ጨው ቀጠን አድርጋ በጥብጣ በጠርሙስ ትሰጠኛለች። ሆዴን አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረኝም። ነርስ ስለሆንኩ ከጾሙ በፊት ደሜን አስመርምሬ የብረቱንና የቫይታሚን ቢ12ን መጠን አይቻለሁ፤ ቢ12 በዋናነት የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነውና ጾመኛ ሯጭ ሊረሳው አይገባም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «በጾም ወራት ደግሞ ሩጫ ምንድን ነው?» ያሉኝ እናቶች ነበሩ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሎምፒክ ላይ መሠረት ደፋር 5,000 ሜትሩን አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ እያለቀሰች ለዓለም ያሳየችበትን ቀን አስታወስኳቸው። ያን ዕለት ሁላችንም አብረናት አልቅሰናል። ሩጫ ከእምነት የሚያርቅ ቢሆን ኖሮ ያ ሥዕል እዚያ ሜዳ ላይ አይገኝም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ነበር፤ ማራቶኑ በማግሥቱ። ይህን የቀን መቁጠሪያ ሳይ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በጣም ያሳሰበኝ የስቅለት ስግደት ነበር። የቦስተን መንገድ በመጀመሪያው አጋማሽ ቁልቁለት ይበዛበታል፤ የሚጎዳውም የፊት ጭንን ነው፣ ስግደት የሚያደክመውን ያንኑ ጭን። አባታችን አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ብትታመሚ ወይም ነፍሰ ጡር ብትሆኚ ሌላ ነገር ነበር። ጤነኛ ነሽ፤ ስገጂ። አክፍሎቱ ግን የፈቃድ ነው፣ የዘንድሮን ተዪው» አሉኝ።

ዓርብ ከሕዝቡ ጋር ሰግጄ ዋልኩ። ጾሙን ሙሉ ማታ ማታ ስሰግድ ስለከረምኩ ለጭኔ እንግዳ አልሆነበትም። ቅዱስ ቁርባን የተቀበልኩት ደግሞ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው፤ ቆርቦ በዚያው ቀን ሩቅ መንገድ መውጣት አይገባምና የፋሲካውን ሌሊት እናቴ ብቻ ቆረበች።

በፋሲካ ዕለት ለምን መንገድ ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። የውድድሩን ቁጥር ራስ በአካል ተገኝቶ መውሰድ ግዴታ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ እሁድ ነበር። ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን ተልባውን ጠጣን። ዶሮው ቀረበ። ከዚያን ሁሉ ጊዜ ጾም በኋላ በማራቶን ዋዜማ ቅቤና በርበሬ ሆድ ላይ መጫን አልፈለግሁም፤ እናቴም ስለገባት እንቁላሉን ከወጡ አውጥታ፣ በሙቅ ውኃ አለቅልቃ ሰጠችኝ። ድፎ ዳቦውን ግን በኮባ ቅጠል እንደተጋገረ ወፍራም ወፍራም አድርጋ ቆርጣ በጨርቅ ጠቀለለችልኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ካምብሪጅ ያለችው የባለቤቴ እኅት ቤት እስክንደርስ ድረስ ስበላ የዋልኩት እርሱን ነው። ለሩጫ ዋዜማ ከዚያ የተሻለ ምግብ አላውቅም። ቁጥሬን ይዤ ስገባ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ቡና እየተፈላ ነበር፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ ገብቼ ተኛሁ፤ ማንም ቅር አላለውም።

ሰኞ ከሆፕኪንተን ተነሣን። ቁልቁለቱን ጉልበቴን ቆጥቤ ወረድኩ። ኒውተን ላይ ዳገቶቹ ሲጀምሩ እግሬ እየከበደ ሄደ፤ ልብ ሰባሪ ከሚሉት የመጨረሻው ዳገት በታች ባለቤቴ ትንሹን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ትልቋ ባንዲራ ይዛ ቆመው አየኋቸው። «እማዬ በርቺ!» የምትለው ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። የእናቴን በሶ በጠርሙስ አቀበለችኝ፤ ሳልቆም ጠጣሁና ዳገቱን ወጣሁ። ከሪችመንዱ ሰዓቴ ጥቂት ዘግይቼ ቦይልስተን ጎዳና ላይ ጨረስኩ። ያለምዘርፍ የኋላው በሴቶቹ ሦስተኛ መውጣቷን የሰማሁት ሜዳልያውን ካጠለቁልኝ በኋላ ነው፤ ደስታዬ እጥፍ ሆነ።

አሁን ተራው የባለቤቴ ነው። ሪችመንድን ሊሮጥ ተመዝግቧል። ማታ ማታ ራቱም የቤት ሥራውም የእኔ ሆኗል፤ ልምምዱን ጾመ ፍልሰታ ስለሚያገኘው ደግሞ የሚሮጥበትን ሰዓት ከአባታችን ጋር ከወዲሁ ተነጋግሮበታል።