ሞክረነዋል፣ ምንም የለውም

ጨርሶ የማይሠራ ዕቃ ያን ያህል አያናድድም። ትመልሰዋለህ ወይ ትጥለዋለህ፣ አለቀ። የሚያደርቀው አንዳንዴ ብቻ የሚያስቸግረው ነው። ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ድምፁ ጸጥ እንደሚል መኪና ማለት ነው። አንተ ታብራራለህ፣ ሰው ያይሃል፣ ዕቃው እንደ ጨዋ ቁጭ ይላል።

ስለ ካርባይኔ፣ ማለትም ስለ አጭሯ ጠመንጃዬ ነው የማወራው። የሽጉጥ ጥይት የምትተኩሰዋ፣ ዘጠኝ ሚሊሜትሯ። ለዒላማ ልምምድ ነው የያዝኳት። በትከሻ ተደግፎ መተኮስ ከሽጉጥ ይቀላል፣ ጥይቱም ከትልልቆቹ ጠመንጃዎች ጥይት ይረክሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዊንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1873 ጠመንጃውን ከነ.44-40 ጥይቱ አወጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮልት ያንኑ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ሠራ። አንድ ቀበቶ ጥይት ለሁለቱም ይበቃል። የዛሬዎቹ ደግሞ ከጥይቱ አልፈው የሽጉጥ ካዝና፣ ማለትም ጥይቱ የሚደረደርበትን ተነቃይ ሣጥን ይጋራሉ። የነገሩ ጣጣ አንድ እግሩ እዚያ ላይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

አብዛኞቹ የሚሠሩበት ዘዴ በጣም ቀላል ነው። ቦልቱ፣ ማለትም ከጥይቱ ኋላ ሆኖ ጎሬውን (ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበትን የበርሜሉን ኋላ) የሚዘጋው ብረት፣ አይቆለፍም። የሚይዘው የራሱ ክብደትና ከኋላው ያለው ሞላ ብቻ ነው። ባሩዱ ሲነድ ግፊቱ እርሳሱን (ከጥይቱ ተላቆ የሚበረውን ጫፍ) ወደ ፊት፣ ቀለሃውንና ቦልቱን ወደ ኋላ ይገፋል። ቦልቱ ከባድ ስለሆነ ዘግየት ብሎ ይነሳል፣ እሱ እስኪከፈት እርሳሱ ከአፈሙዙ ወጥቶ ሄዷል። በቃ ይኸው ነው። ለዚህ ሲባል ቦልቱ አብሮት ከሚሄደው ክብደት ጋር ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ያልፋል። ሰው «የሽጉጥ ጥይት አይደል፣ ምን ይራገጣል» ብሎ ይጀምርና ያ ሁሉ ብረት ትከሻው አጠገብ ሲመላለስ ፊቱ ይቀየራል።

«ቀላል ስለሆነ አይበላሽም» የሚለው ወሬ ግን አይዋጥልኝም። ቀላል ነው ማለት ስህተት የሚሸከም ምንም የለም ማለት ነው። ክብደቱ፣ ሞላውና የጥይቱ ጉልበት ከተስማሙ ይሄዳል። ጥይቱ ደከም ካለ ቦልቱ ሙሉ መንገዱን ሳይሄድ ይመለስና ቀለሃው መውጫው ላይ ይነከሳል። ጠንከር ካለ ደግሞ ቦልቱ በጣም ይፈጥንና ካዝናው የሚቀጥለውን ጥይት ከፍ አድርጎ ሳያቀርብለት ያልፈዋል። ጭሱና ጥላሸቱ ወደ ውስጥ ስለሚመለስም ቶሎ ይቆሽሻል። ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። ሄክለር ኡንድ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሠራው ኤምፒ5 በተባለው መሣሪያ ውስጥ የቦልቱን መከፈት ሁለት ትንንሽ ድብልብል ብረቶች ያዘገዩታል። ሩገር እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ ያወጣው ፒሲ ካርባይን ቦልቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የተንግስተን ክብደት አለው። የኔዋ ግን ከተራዎቹ ናት፣ ብረትና ሞላ።

የሷ ችግር ማጉረስ ላይ ነው። ቦልቱ ጥይቱን ከካዝናው አፍ ገፍቶ ያወጣዋል። እዚህ ድረስ ጥሩ። ከዚያ የጥይቱ አፍንጫ ቀና ብሎ ጎሬው ውስጥ መግባት ሲገባው ያጎነብስና ከጎሬው በታች ያለችውን ተዳፋት ብረት ይወጋል። ቦልቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ምላጩ ይሞታል። በቀለሃ መውጫው መስኮት ስታይ ጥይቱ በአፍጢሙ ተደፍቶ ነው የምታገኘው። ከዚያ በፊት ደህና ስትተኩስ ቆይታ ልክ «ዛሬስ ተሻላት» ስትል ነው ይህ የሚመጣው።

እንዲህ ሲሆን አፈሙዙን ከዒላማው አቅጣጫ አላነሳም፣ ጣቴን ከምላጩ አወጣለሁ፣ ካዝናውን እነቅላለሁ፣ ከዚያ ነው ቦልቱን የምስበው። (ምላጩ ተስቦ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ ማለትም ጥይቱ ከከሸፈ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ ሠላሳ ሰከንድ ያህል መጠበቅ ነው፣ ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለና። ድምፁ እንደ ወትሮው ሳይሆን «ፉስ» ብሎ ከቀረ ደግሞ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ባዶ መሆኑ በዓይን ሳይታይ ሌላ ጥይት መተኮስ የለም።)

አንዱን የተደፋ ጥይት አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ከጎኑ ከዚያው ሳጥን አዲስ ጥይት አቆምኩ። የተደፋው አጥሯል። በዓይን ይታያል፣ መለኪያም አያስፈልገውም። እርሳሱ ወደ ቀለሃው ውስጥ ሰምጧል፣ አፍንጫው ላይ ደግሞ ብረቷን የወጋበት ጠፍጣፋ ጠባሳ አለ። ይህ ቀልድ አይደለም። የኔዋ የምትተኩሰው የ9 በ19 ጥይት ጠቅላላ ርዝመቱ ቢበዛ 29.69 ሚሊሜትር ነው፣ ቀለሃው ትንሽ ነው፣ ውስጡ ትርፍ ቦታ የለውም። እርሳሱ ሲሰምጥ ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠብና ግፊቱ በአንዴ ይዘላል። ቦልቱ በማይቆለፍ መሣሪያ ላይ ደግሞ ያ ግፊት ቀለሃውን ቀድዶ ወደ ተኳሹ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንዴ የተደፋ ጥይት መልሼ አላጎርስም፣ የራሱ ቆርቆሮ አለው።

ጥፋተኛውን መፈለግ የጀመርኩት ከካዝናው ነው፣ ሁሉም ከዚያ ጀምር ስለሚል። እውነትም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከንፈሩ ትንሽ ከተከፈተ ወይ ሞላው ከደከመ ጥይቱ በትክክለኛው ማዕዘን አይቀርብም። በእያንዳንዱ ካዝና ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፍኩ። ችግሩ አንዱን ቁጥር ተከትሎ ቢመጣ ያን ካዝና መጣል ነበር። አልተከተለም። ሁሉም ላይ ይመጣል፣ አምራቹ ከሳጥኑ ጋር በሰጠኝም ላይ ሳይቀር። ድቡልቡል አፍንጫ ባለው ጥይት ያንሳል፣ አፍንጫው ጎድጎድ ባለው ይብሳል። ስትሞቅና ስትቆሽሽም ይብሳል።

ከዚያ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ካዝናውን ከስር በመዳፌ ወደ ላይ ደገፍ ሳደርገው ችግሩ ይጠፋል። ስለቀው ይመለሳል። ማለት ካዝናው ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ይህ ሰበብ ሳይሆን ማስረጃ ነው። እጅህን አስቀምጥ፣ ይሠራል። እጅህን አንሳ፣ ይነክሳል። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

ለአምራቹ ጻፍኩ። ስማቸውን አልጠራም። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የጥይቱ ዓይነትና ሳጥኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር፣ ስለ መዳፌም ጭምር፣ ምንም አላስቀረሁም። የመጣው መልስ ካመሰገነኝ በኋላ «መሣሪያው እስኪላመድ ጥቂት መቶ ጥይት ይተኩሱበት» ይላል። ቪዲዮውን ያየው ሰው እንደሌለ ከመልሱ ያስታውቃል።

ይህ «እስኪላመድ» የሚሉት ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። አዲስ ሞላ ግትር ነው፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ ይለሰልሳል። ግን ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ካዝና በመተኮስ ብዛት ከፍ አይልም። ደግሞስ የሚላመደው በማን ጥይት ነው? ፈተናውን ወደ ገዢው ማስተላለፍ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሁለተኛው መልስ «ሌላ ጥይት ይሞክሩ» ሆነ። ጥይት ሠሪውን ብትጠይቀው ካዝናውን እይ ይልሃል፣ ካዝና ሠሪው ጠመንጃውን። እዚህ ላይ ነው ያ የካዝና መጋራት ጣጣ የሚመጣው። ግሎክ የተባለውን ሽጉጥ ካዝና የሚቀበሉ ካርባይኖች ሞልተዋል፣ ለገዢው ጥሩ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ግን ካዝናው የተሠራው ለሌላ ቤት መሣሪያ ነው፣ ያንኑ ቅርጽ አስመስለው የሚሠሩ ሌሎችም አሉ፣ የሁሉም ልክ አንድ አይደለም። ካርባይን ሠሪው በማይቆጣጠረው ዕቃ ላይ ነው መሣሪያውን የሚያቆመው። ሲነክስ ታዲያ ሁሉም ከደሙ ንጹህ ነኝ ይላል።

በመጨረሻ «ይላኩልን» አሉ። ላክሁ። ቆይታ መጣች፣ ተወልውላ፣ ዘይት ተቀብታ፣ ከቦልቱ ላይ ጥላሸቱ ሁሉ ጠፍቶ። ለዚህ አመሰግናለሁ፣ ያን ያህል አጥርቼ አላውቅም። አብሯት አንዲት ወረቀት። «ሞክረነዋል፣ ምንም የለውም።»

በምን ጥይት ሞከራችሁ? በየትኛው ካዝና? ስንት ተኮሳችሁ? ሞቃ ነበር? ወረቀቷ ላይ የለም። መገመት ይቻላል፣ ንጹህ መሣሪያ፣ ቀዝቃዛ በርሜል፣ አዲስ ካዝና፣ ድቡልቡል ጥይት። እንዲያማ ከሆነ እኔም ቤት ትሠራለች! አልፎ አልፎ የሚመጣ ችግር ሲመጣ ካላየኸው ማለት የምትችለው «አላየንም» ብቻ ነው። «የለም» ሌላ ነገር ነው።

እነሱንም ግን እረዳቸዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። የሚደርሳቸው ደብዳቤ ስንት ዓይነት እንደሚሆን አስበው። «አይሠራም» ብቻ ብሎ የሚጽፍ አለ። ቤቱ የሞላውን ጥይት ተኩሶ ዋስትና የሚጠይቅ አለ። ውድድሩም የራሱን ጣጣ ይዞ መጥቷል። የአሜሪካው የተኩስ ውድድር ማኅበር ዩ.ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ2016 ለእነዚህ ካርባይኖች የራሳቸውን ምድብ ከከፈተ ወዲህ ምላጩ እንዲለሰልስለት የመዶሻውን ሞላ ቀይሮ፣ መርፌው ካፕሱሉን (ባሩዱን የሚለኩሰውን) በደንብ ሳይመታ ሲቀር ፋብሪካውን የሚራገም ተኳሽ አይጠፋም። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጸሐፊውን ነው። የኔዋ ግን ከሳጥኗ እንደወጣች ናት፣ አንዲት ብሎን አልተነካችም። ይህን ደግሞ ከፍተው ስላዩዋት ያውቃሉ።

ደብዳቤ ሰለቸኝና ደወልኩ። መጀመሪያ ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ግን ከፊቷ ያለውን ነው የምታነበው። ወደ ጥገና ክፍል እንድታገናኘኝ ለመንኩ። አንድ ዕድሜው ጠና ያለ የሚመስል ሰውዬ መጣ። የመለያ ቁጥር አልጠየቀኝም፣ አመስግኖም አልጀመረም። «ይደፋል?» አለኝ። አዎ። «ካዝናውን ከስር ሲደግፉት ይተዋል?»

ሳቅኩ። ሳላስበው ነው የሳቅኩት። ያን ሁሉ ወረቀት የጻፍኩለትን ነገር ሰውዬው በሁለት ጥያቄ ጨረሰው። የካዝና መያዣው ነው አለኝ፣ ያቺ ካዝናውን ጥርሱ ላይ ይዛ የምታንጠለጥለው ትንሽ ብረት፤ እሷ ዝቅ ስትል ካዝናውም ዝቅ ይላል፣ ቦልቱ ጥይቱን ከሚገባው በላይ አናቱ ላይ ነው የሚመታው። ሌላ ይላክልዎታል፣ መሣሪያውን መላክ አያስፈልግም አለ። ላከም። በፖስታ የመጣችውን ከነባሯ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ወደ ብርሃን ያዝኳቸው። ጥርሷ ላይ ልዩነቱ የወረቀት ውፍረት ያህል ነው። በዚህች!

ከገባች ወዲህ ድቡልቡሉን ጥይት ያለ ማጉረምረም ትበላለች። ጎድጎድ ያለውን ገና አላመንኳትም፣ አንዴ ሲጎተት የሰማሁ መሰለኝ፣ ቦልቱ ግን ተዘጋ። ተዳፋቷ ብረት ላይ ያለው የቆየ ጭረት ይሆናል፣ እሱን በራሴ ሞረድ አልነካም፣ ጠጋኙን እጠይቀዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ነገር ያሳስበኛል። ጥገናው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ሰውዬው ጡረታ ቢወጣስ? ማርሊን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1999 የሠራው ካምፕ ካርባይን ውስጥ ቦልቱ የሚያርፍበት የፕላስቲክ መከላከያ አለ፣ በዕድሜ ይፈረካከሳል፣ ዛሬ የያዘው ሰው መተኪያውን የሚያገኘው ከሌሎች ሠሪዎች ነው፣ ምክሩንም ከሌላው ተኳሽ። ፋብሪካ ሲተው የሚቀረው እዚህም እዚያም የተጻፈው ብቻ ነው። የኔዋ ፋብሪካ ደግሞ አሁንም እየሠራ አይጽፈውም። መዝገባቸው ላይ የኔ ጉዳይ «ምንም የለውም» ተብሎ ነው የተዘጋው፣ ያቺ መያዣ የተላከችው በስልክ ነውና።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደግሜ ጻፍኩላቸው። አሁን ትሠራለች፣ ቅሬታ የለኝም፣ መዝገቡ ግን ይስተካከል አልኩ። የሁለቱን መያዣዎች ፎቶ፣ ከመለኪያው ጋር፣ አያያዝኩ። ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ። የትኞቹ መለያ ቁጥሮች ናቸው በዚህች ዓይነት መያዣ የወጡት? ለእነዚያ ባለቤቶችስ ትነግሯቸዋላችሁ ወይስ እነሱም እስኪላመድ ይተኩሱ? የደረሰኝ መልስ እስካሁን «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚለው ነው።