ለዘንድሮው ገና ዓሣ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ጅማ ያላችሁም፣ ከጅማ ወጥታችሁ ቡናዋ የሚናፍቃችሁም፣ ሁላችሁም።

ሁልጊዜ በዓል ሲመጣ አጭር መልእክት ነው የምጽፍላችሁ። ዘንድሮ ትንሽ ታገሡኝ። ክረምት ላይ ያየሁትን ሳልነግራችሁ ገናን መዋል አልፈለግሁም።

ነሐሴ ላይ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ጋር ከሰቃ ወዲያ ወዳለ ገጠር ወጥተን ነበር። ሥራው ክረምት በመጣ ቁጥር የምታዩት ነው፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ። የእኛ ድርሻ የአንዲት አረጋዊት ቤት ጣሪያ መቀየርና ግድግዳውን መምረግ ነበር። ቆርቆሮና ሚስማር ጭነን፣ እየዘመርን ሄድን።

የጅማን የነሐሴ ጭቃ ለሚያውቅ የቀረውን መተረክ አያስፈልግም። መኪናችን ከዋናው መንገድ እንደወጣ ሰመጠች። ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች አዩን። ማንም አልጠራቸውም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡበት። እነሱ «ያ ረቢ!»፣ እኛ «እግዚኦ!» እያልን ገፋን። መኪናዋ ወጣች። የማን ጸሎት እንደተሰማ የጠየቀ የለም።

ይህ ግን ቀላሉ ነበር። የአረጋዊቷ ጎረቤት፣ እማማ የምንላቸው ሙስሊም እናት፣ ከነጭቃችን ቤታቸው አስገቡን። ገና ሳንቀመጥ «ኢጆሌ (ልጆች)፣ ጾም ናችሁ አይደል? ስንት ሰዓት ነው የምትፈቱት?» ብለው ጠየቁን። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልናቸው። እዚያ በቆየንባቸው ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በዚያ ቤት ቡና አልተፈላም። እሳቸውም አልጠጡም። ጅማ ውስጥ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ቡና መዋል ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

በሶ ይዘናል፣ አይቸገሩ አልናቸው። «በሶውን ለመንገድ ያዙት» አሉን። ቅቤ የነካው ድስት ለእናንተ አይሆንም ብለውም ከሌላ ቤት አዲስ ድስት ተበደሩ። ጎመን በዘይት፣ ጎደሬ፣ የተቀቀለ በቆሎ ቀረበ። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ሥጋ አብሮ አይበላም፤ ሠርግ ላይ እንኳ የሚታረደው ለየብቻ ነው። የጾም ምግብ ግን የማን ቢላዋ ነው አይባልበትም። እኛም እነሱም ከአንድ ትሪ በላን። ያራርቀናል ብዬ የፈራሁት ጾም አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጠን።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «የጅማ ሰው ድሮም እንዲህ ነው» አለኝ። አልዋሸም። በአባ ጅፋር ዘመንም ቢሆን የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር፤ ከተማው ለእንግዳ አዲስ አይደለም። ቢሆንም የአገር ልማድ ነው ብሎ ማለፉ አልዋጥልህ ብሎኛል። እንግዳን ማብላት ልማድ ነው እንበል። ስለማይጾሙት ጾም ተጨንቆ ድስት መበደርስ? እኔ እዚያ ድስት አጠገብ እግዚአብሔር እንደነበረ ነው የማምነው። ይዘነው የሄድን መስሎን ነበር፤ እሱ ግን ቀድሞን እዚያው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። መስጠት ደስ ይላል፤ የሚሰጥ ሰው ምንጊዜም እጁ ከላይ ነው። መቀበል ግን ያስጨንቃል። ቆርቆሮውን ስናወርድ ኮራ ያልነው ልጆች ጎደሬው ሲቀርብልን አንገታችንን ደፋን። ከዚያ ወዲህ የልደትን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሉቃስ እንደጻፈው በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልነበራቸውም። የተኛበት ግርግም የሰው ነው። በትንፋሻቸው ያሟሟቁት የምንላቸው እንስሳትም የሰው ናቸው። ወርቁን፣ ዕጣኑንና ከርቤውን ያመጡት ደግሞ ከሩቅ፣ ከምሥራቅ የመጡ፣ ዘመድም የአገር ልጅም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ዓለምን ሊያድን የመጣው ጌታ በመጀመሪያ ያደረገው መቀበል ነው። በዚያ ሳምንት ሁላችንም ከዚህ ትንሽ የተማርን ይመስለኛል፤ ማፈራችን ባይለቀንም።

ቤቱ አልቋል፤ አረጋዊቷም ገብተውበታል። እማማንና ልጃቸውን ለገና ጋብዘናቸዋል፣ እሺ ብለዋል። የዶሮው ወጥ ለእኛ፣ ለእነሱ ደግሞ ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣው ዓሣ። ዓሣ አይታረድም፣ ጣጣ የለውም። ድስቱንም አዲስ ገዝተናል። እሳቸው ባዶ እጃቸውን እንደማይመጡ ከወዲሁ እናውቃለን፤ የቡናው ለቀማ አልቋልና። «አይቸገሩ» የሚል ከእኛ ወገን አይኖርም።

ዘመድ ርቋችሁ በዓሉን ጅማ የምታሳልፉ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ካላችሁ መልእክት ላኩልኝና ኑ፤ ዓሣው ይበቃል።

መልካም የገና በዓል!