ቀለሙማ ተጽፏል

መሥሪያ ቤታችን ላፕቶፕ የሚገዛው በሦስት ፕሮፎርማ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። እሱስ ይሁን። እኔን የሚያናድደኝ ስለ ስክሪኑ የሚጻፈው «15.6 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ» ብቻ መሆኑ ነው። ፉል ኤችዲ ማለት 1920 በ1080 ፒክስል ነው፤ አለቀ። ስለ ቀለም አንድም ነገር አይነግራችሁም።

ስለዚህ የግዢ መጠየቂያው ላይ በእስክሪብቶ ጨመርኩበት፦ «አይፒኤስ፣ 100 ፐርሰንት ኤስአርጂቢ፣ ቢያንስ 300 ኒትስ»። አይፒኤስ ከጎንም ሲያዩት ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት ነው፤ ኤስአርጂቢ የተለመደው የስክሪን ቀለም ክልል፣ ኒትስ ደግሞ የብርሃን መለኪያ። የግዢ ኃላፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«ኮር አይ 7 ገብቶኛል። ራሙም ገብቶኛል። ይሄ ኤስአር ምንትስ ምንድን ነው?»

«የቀለም ነገር ነው ጋሼ።»

ፕሮፎርማውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ፊታቸው በራ።

«ቀለሙማ ተጽፏል። ጥቁር ነው።»

ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። መሳቅም አይቻል፤ ፈራሚው እሳቸው ናቸው።

ላፕቶፑ መጣ። ፍጥነቱ እሳት ነው። ስክሪኑ ግን 45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ (ይሄኛው ሌላ የቀለም ክልል መለኪያ ነው) የሚባለው ርካሽ ፓኔል ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤና ኤክሴል ለሚሠራ ሰው ምንም አይል። ከኤስአርጂቢ ቀለም ግን ሲሶ ያህሉን አያሳይም፤ ደማቁ ቀይና አረንጓዴ ይደበዝዛል። ያኔ የቡና ማሸጊያ ዲዛይን እየሠራሁ ነበር። ቀይ እሸት ቡናዬ ጡብ መሰለ። ካሊብሬት አድርጊው ያሉኝ ነበሩ። ካሊብሬሽን ያለውን ቀለም ያስተካክላል እንጂ ፓኔሉ የሌለውን ከየት ያመጣል?

ፋይሉን አሮጌው ሞኒተርና አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ከፍቼ ጋሼን ጠራኋቸው። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዩ።

«ሁለቱም ቀይ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ፣ «ብራይትነሱን ጨምሪው።»

ጨመርኩት። ጡቡ በራ።

አሁን ላፕቶፕ ልገዛ ነው ለሚለኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር አምጡ። ያው አንዱ ላፕቶፕ፣ በዚያው ስም፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ስክሪን ተገጥሞለት ይሸጣል። ባለሱቁ «ኦሪጅናል ነው» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ርካሹም ፓኔል ኦሪጅናል ነው።

እኔ አሮጌውን ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ሰክቼ ሥራውን ጨረስኩ። ላፕቶፑም ከጠረጴዛ የማይነሳ ላፕቶፕ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ደንበኛው መጣ። ዲዛይኑን ያጸደቀው በቴሌግራም ነው፤ ቀለም አድምቆ በሚያሳይ ኦሌድ ስክሪን ስልኩ ላይ አይቶ፣ ያውም ቀለሙ «ቪቪድ» (እጅግ ደማቅ) ላይ ተደርጎ። በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም የስክሪንን ያህል በማይደምቁት አራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ታትሞ የመጣውን ናሙና አገላብጦ አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ስልኬ ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም።»

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

«አየሽ? ላፕቶፑን በከንቱ ነው ስታሚው የከረምሽው።»